ስሜን ወይስ ስሙን

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። ስለ ጆሮ ወለምታ የተረተ ሰው ግን አላጋጠመኝም፤ ምናልባት አጥርቶ ያልሰማ ሰው አለመስማቱን የሚያውቅበት መንገድ ስለሌለው ይሆናል። እኔ የተሰናከልኩት በአንዲት ፊደል ነው፤ ያውም በፊደሏ ሳይሆን በቅጥያዋ፣ በካዕብና በኃምስ መካከል፣ «ሙ» እና «ሜ» በሚባሉት ድምፆች መካከል ባለች ስንጥቅ ውስጥ። ድምፁን ያጣ አንድ ሰው «ስሜን ጥራ» ያለኝ መስሎኝ ነበር። መስሎኝ ብቻም አልቀረም፤ የሌላውን ሰው ዕጣ በዚያች ፊደል ላይ አቆምኩ።

ሰውየውን በጣቢያችን ያለን ሁሉ ጋሼ ነጎድጓድ እንለዋለን። የሬዲዮ ተዋናይ ነው። እኔ ደግሞ ደራሲው ነኝ፤ «የተዘጋው ችሎት» የተሰኘውን ተከታታይ ድራማ፣ ማለትም ዓይኑ ከጠፋ በኋላም ሰዎች ጠባቸውን ይዘው ቤቱ ድረስ የሚመጡበትን የአንድ ጡረተኛ ዳኛ ታሪክ የጻፍኩት። ዳኛው በወረቀት ላይ የእኔ ነበር፤ በአየር ላይ ግን የነጎድጓድ ነበር። ድምፁ ከደረቱ ሳይሆን ከወለሉ ሥር የሚነሣ ይመስላል። «አቤት» ሲል ብርጭቆ ሲንቀጠቀጥ አየን ብለው የሚምሉ ባልደረቦች ነበሩኝ። እኔ ብርጭቆውን አላየሁም፤ ነገር ግን የራሴን ቃላት በእሱ አፍ ስሰማ፣ ከእኔ የሚበልጥ ሰው የጻፋቸው እየመሰሉኝ ብዙ ጊዜ አፍሬያለሁ።

ታሪኩ እኩሌታውን ሲያልፍ በነጎድጓድ ጉሮሮ ውስጥ እብጠት ተገኘ። ሐኪሞቹ ሕይወቱን አተረፉለት፤ ድምፁን ግን ማትረፍ አልቻሉም። ከቀዶ ጥገናው የወጣው በአንገቱ ላይ በተጠመጠመ ሻርፕና ከበር ስር እንደሚገባ ንፋስ ባለ ትንፋሽ ብቻ ነበር።

«ዳኛውን ልግደለው?» ብዬ ኃላፊያችንን ጠየቅኋት።

«ዳኛው ከሞተ እኛም አብረን እንቀበራለን» አለች። ነገር ከማዞር የማትወድ ሴት ናት። «ማሚቶን አስገባው።»

ማሚቶ የነጎድጓድ የእህቱ ልጅ ነው። በጣቢያው ውስጥ ድምፅ ቀጂ ሆኖ ከመስታወቱ ጀርባ ሲሠራ የኖረ፣ ጠጉሩ መሸበት የጀመረ ጎልማሳ። ቅጽል ስሙ የገደል ማሚቶ ከሚባለው የመጣ ነው፤ አንድ ሰው አንዴ ሲናገር ከሰማ፣ ሰውየውን ከነሳሉ አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጠዋል። በራሱ ላይ «እኔ ቀጂ ነኝ፤ ውሃም ድምፅም እቀዳለሁ፤ ከራሴ ግን ጉድጓድ የለኝም» እያለ ይቀልዳል። ቀልዱ ሁሉንም ያስቃል፤ ሲስቁለት ግን እሱ አይስቅም።

አጎትና የእህት ልጅ አይነጋገሩም ነበር። ኩርፊያው የተጀመረው በአንድ የቤተሰብ ምሳ ላይ ነው ይላሉ። ማሚቶ ከጠረጴዛው ጫፍ ሆኖ በነጎድጓድ ድምፅ «ጨው አቀብሉኝ!» አለ። ሁሉም ጨው ይዞ ወደ ነጎድጓድ ዞረ፤ የነጎድጓድ አፍ ደግሞ በጉርሻ ተሞልቶ ተዘግቷል። ቤቱ በሳቅ ሲናወጥ፣ ሰውየው ጉርሻውን ቀስ ብሎ ከዋጠ በኋላ ተነሣና «ድምፄን መልስ» አለ።

«መቼ ወሰድኩብህ፣ አጎቴ? ይኸው አሁንም እየጮህክበት አይደል?»

ከዚያ ወዲህ ከሥራ በቀር የሚያገናኛቸው አልነበረም። በሥራም ላይ፣ አንዱ ከመስታወቱ ወዲህ፣ ሌላው ከመስታወቱ ወዲያ ሆነው፣ አንዱ ሌላውን እየሰማ በእኔ አፍ ይነጋገሩ ነበር።

«ለዚያ ቀጂ ንገረው፤ ጆሮ ማዳመጫዬ ውስጥ ንብ ገብታለች።»

«ማሚቶ፣ ጋሼ ማዳመጫው ይጮኻል ይላል።»

«ሰምቻለሁ በለው። ማይኩን እንደ ጡጦ መጥባቱን ቢተው ንቧ ትወጣለች በለው።»

እንግዲህ በዚያ ባኮረፈው አጎቱ ድምፅ፣ ማሚቶ ገባ። ነጎድጓድ ሲጠየቅ ራሱን አንዴ ነቅንቆ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ ፈቃዱ ይኸው ነበር። ኃላፊዋ ነገሩ፣ ከነጎድጓድ ከራሱ ሌላ፣ ከአራታችን እንዳያልፍ አስማለችን፤ አራተኛዋ የዳኛውን ልጅ የምትጫወተው ተዋናይት ነበረች። በየክፍሉ መጨረሻም እኔ ራሴ በማይክሮፎን ፊት ተቀምጬ «ዳኛውን ሆኖ የተጫወተው» ብዬ የነጎድጓድን ስም ማንበቤን ቀጠልኩ። አድማጭ አላወቀም። የማሚቶ እናት፣ የነጎድጓድ እህት እንኳ አላወቀችም፤ የድሮ ቅጂዎችን እየቀጣጠልን የምናስተላልፍ መስሏት በየሳምንቱ ሬዲዮዋ ሥር ተቀምጣ ለወንድሟ ድምፅ ታለቅስ ነበር። ልጇም አጠገቧ ተቀምጦ ያባብላት ነበር።

ያስቸገረኝ ግን የተቀዳው ድምፅ አልነበረም፤ ያልተቀዳው ነበር።

ማሚቶ ዳኛውን ሆኖ በገባበት በመጀመሪያው ቀን፣ ከፍርዱ በፊት ባለው ቦታ ላይ ገጾቹ ተጣብቀውበት የሚያነበውን አጣ። በድንጋጤ ፋንታ በዳኛው ድምፅ «ቆይ… ውሃ ስጡኝ» አለ፤ አጠገቡ የነበረውን ብርጭቆ አንሥቶ በእርጋታ ጠጣ፤ ገጹን አላቀቀና ቀጠለ። ለማስቆም እጄን አንሥቼ ነበር። ሳላስቆመው እጄ ወረደ። ያ ዕውር ሽማግሌ በሰዎች ላይ ከመፍረዱ በፊት ጉሮሮው ሲደርቅ፣ እኔ በብዙ ገጽ ያልጻፍኩት ፍርሃቱ በአንድ ጉንጭ ውሃ ተሰማ። ከዚያ በኋላ በየክፍሉ ጨመረው፤ እኔም እንዳላየ አሳለፍኩት።

ብዙም ሳይቆይ ከተማው ሁሉ ይለው ጀመር። ፊርማ የተጠየቀ የቢሮ ሠራተኛ «ቆይ፣ ውሃ ስጡኝ» ይላል፤ የቤት ሥራውን ያልሠራ ተማሪ ለመምህሩ ይለዋል፤ አምሽቶ የገባ ባል ለሚስቱ ይለዋል። አንድ ሐያሲ በጋዜጣ ላይ «ደራሲው ዝምታን ገጸ ባሕርይ አድርጎ አቆመልን» ብሎ ጻፈልኝ። በቃለ ምልልስ ስለዚያች ዐረፍተ ነገር ስጠየቅም «ብዙ አስጨንቃኛለች» ብዬ መለስኩ። ሐሰት አልነበረም፤ ያስጨነቀችኝ ግን ከተባለች በኋላ ነው።

ቋንቋችን ግሩም ነው፤ የተስተካከለውንም በሰው ዕድል የሚንገበገበውንም «ቀና» ብሎ በአንድ ቃል ይጠራል። እኔ የቱ እንደሆንኩ ለራሴም አልጠየቅኩም። ከቅናት ሁሉ የከፋው ደግሞ በሌላው ሥራ እየተመሰገኑ በሌላው መቅናት ነው፤ ሌባው በተሰረቀበት ሰው ላይ እንደሚቆጣው ያለ ነገር ነው።

የመጨረሻው ክፍል በቀጥታ እንዲተላለፍ ተወሰነ። የመጨረሻ ስለሆነም፣ በስተመጨረሻ የሚነበበው ስም ለዘለዓለሙ የሚቀር ስም ነው። ማሚቶ መጥቶ ጠየቀኝ፤ ሲጠይቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«ደራሲው፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ስሜን አንድ ጊዜ ጥራልኝ። እሱ እሺ ካለ ብቻ፤ እምቢ ካለ ከአፌ አይወጣም።»

«ኃላፊዋስ?»

«ኃላፊዋን ተዋት። አጎቴን ጠይቅልኝ። ዛሬ ካልተነገረ ነገ ማን ያምነኛል? እናቴ እንኳ አታምነኝም። 'አንተ የሰው ድምፅ ለቃሚ' ትለኛለች።»

ሄድኩ። ነጎድጓድ መጋረጃው ግማሽ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተኝቷል። በራስጌው ሬዲዮ አለ፤ በግርጌው እህቱ የሰቀለችለት ትንሽ ሰሌዳ ከነጠመኔው ተንጠልጥሏል። ሰሌዳውን ይጠየፈዋል፤ ሲብስበት ብቻ ለስድብ ይጠቀምበታል። በዚያን ዕለትም «ሾርባው ሳልሞት ሞቷል» የሚል ጽሑፍ ነበረበት።

«ጋሼ» አልኩት፣ «የመጨረሻው ክፍል ሲያልቅ የማንን ስም ልጥራ፣ የአንተን ወይስ የማሚቶን?»

ትከሻው ከፍ ዝቅ ሲል አያለሁ። ከዚያም ከግድግዳው ጋር የሚያወራ ይመስል፣ ያ ከበር ስር የሚገባ ንፋስ መጣ፦ «ስ… ም… ን ጥራ።» በ«ም» እና በ«ን» መካከል ምን ዓይነት ድምፅ እንደነበረ አሁን ቢጠይቁኝ፣ ትንፋሽ ነበረ ከማለት በቀር አላውቅም። ያን ጊዜ ግን አወቅሁ፤ ለማወቅም ጊዜ አልፈጀብኝም። «ስሜን ጥራ» አለ። ጠመኔው በክንዴ ርቀት ላይ ነበር። አንሥቼ «ጻፍልኝ» ማለት እችል ነበር። ይልቅስ ብርድ ልብሱን አስተካክዬለት ወጣሁ፤ በደረጃው ላይ ስወርድም አንድ ሸክም ከትከሻዬ እንደወረደ ዓይነት ቅልል ብሎኝ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉት ውሸት ነው፤ የእኔ ጆሮ ለባለቤቱ ከሚገባው በላይ ዘመድ ነበረች።

የስርጭቱ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ስቱዲዮው እንደወትሮው የሰው ትንፋሽና የአሮጌ ምንጣፍ ሽታ ይሸታል። ግድግዳው ድምፅ በሚውጥ ስፖንጅ ተለብጧል፤ ጠረጴዛው ገጽ ሲገለጥ እንዳይንኮሻኮሽ ወፍራም ጨርቅ ለብሷል፤ ገጾቹም አንድ በአንድ እንዲነሡ አልተሰፉም። ተዋናይቷ እንደ ልማዷ ጫማዋን አውልቃ በካልሲ ቆማለች፤ ጫማዋ ይንጫጫል። ማሚቶ ብርጭቆውን በማይክሮፎኑ ቀኝ፣ የውሃ ማሰሮውን በተዋናይቷ ግራ አስቀመጠና ወደ እኔ መጣ።

«ምን አለ?»

«ስሜን ጥራ አለ።»

ፊቱ አልተለወጠም። ለረጅም ጊዜ የማይክ ገመድ ሲጠቀልል የኖረ ሰው ስለሆነ እጁ ባዶ ሆኖ ሳለ አንድ ገመድ የሚጠቀልል ይመስል ነበር።

«በአፉ?»

«በሹክሹክታ።»

«ሰሌዳው እያለ?»

«ማሚቶ…»

«ፊቱን አየኸው?»

«ወደ ግድግዳው ዞሮ ነበር።»

«እ!» አለ፤ ቀስ ብሎም ጨመረ፦ «አጎቴ ሲቆጣ ዓይን ዓይንህን ነው የሚያይህ። ግድግዳ የሚያየው ሲያፍር ነው።»

«ምን ለማለት ነው?»

«ምንም። ስሜን ካለ ስሜን ነው። ስሙ ነው፣ ዳኛውም የሱ ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ።» ይህን ያለው ለራሱ ነው፤ የተሰማው ግን እኔን ነው።

ተዋናይቷ ጣልቃ ገባች። «እንግዲህ ሁለታችሁ ሙግታችሁን ለዳኛው አቅርቡ፤ ዛሬ የመጨረሻ ችሎቱ ነው፣ ከዛሬ ወዲያ ይግባኝ የለም።»

ማንም ሳይስቅላት የመቆጣጠሪያው ክፍል በር ተከፈተ። በመስታወቱ በኩል ኃላፊዋ ከወንበሯ ብድግ ስትል አየን፤ ከኋላዋ ሻርፑን እስከ አገጩ የጠመጠመ ረጅም ሰው ገባ። የኃላፊዋ ድምፅ በጆሮ ማዳመጫዬ መጣ።

«ማን አስገባው?»

«እኔን ትጠይቂኛለሽ?»

«ዘበኛው 'ዳኛው መጡ' ብሎ በሩን በርግዶ ሰላምታ ሲሰጥ ሰማሁት። በል ምንም ቢፈጠር የተጻፈውን አንብብ። ሰማኸኝ? የተጻፈውን!»

ማሚቶ ገጾቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «እሱ ካለ እኔ የለሁም።»

«አሁን?» አልኩ። ከመስታወቱ በላይ ያለው ቀይ መብራት ሊበራ የቀረው ከመግቢያው ሙዚቃ ያነሰ ጊዜ ነበር።

«ፊቱ ላይ አልችልም! ጉሮሮው ተቆርጦ ቆሞ እያየኝ በጉሮሮው ልናገር? ያኔ ድምፄን መልስ ሲለኝ እየሳቅሁ ነበር፣ ደራሲው። አሁን ምኑን ልመልስለት?»

ተዋናይቷ ክንዱን ያዘች። «ስማኝ ወንድሜ፤ ቢበዛ ቢበዛ ጨው አቀብለኝ ይልሃል።»

ሳያስበው በአፍንጫው ሳቅ አመለጠው። በዚያችው ቅጽበት መብራቱ በራ።

መግቢያውን አነበብኩ። ተዋናይቷ የዳኛውን ልጅ ሆና በሩን ከፈተች፤ ለጠብ የመጡትን ጎረቤታሞች አስታወቀች፤ የጠቡ ምክንያት በሁለት ግቢ መካከል የቆመ ግንብ ነው፤ ማን እንደሠራው ሁለቱም ይካካዳሉ። ተራው የዳኛው ሆነ። ማሚቶ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ድምፅ የነጎድጓድም የእሱም አልነበረም፤ ስስ፣ ውሃ የበዛበት፣ በልብስ ላይ እንደታጠበ ቀለም የደበዘዘ ነገር። ከመስታወቱ ወዲያ ነጎድጓድ ዓይኑን ጨፈነ። የኃላፊዋ ጣቶች ከቁልፎቹ በላይ ተንጠለጠሉ።

ማሚቶ ገጹን ከፍ አድርጎ ፊቱን በወረቀቱ ከለለ። ከዚያ በኋላ ድምፁ መጣ። ከወለሉ ሥር ተነሣ፣ ጉልበቱን አለፈ፣ ደረቱ ላይ ተከማችቶ ወጣ። ተዋናይቷ የምትመልስለትን ለአንድ አፍታ ረስታ እንደ ገዛ ልጁ አየችው። እኔ ግን የማየው መስታወቱን ነበር። ነጎድጓድ ዓይኑን ገልጦ፣ ከንፈሩን ከማሚቶ ጋር ያንቀሳቅስ ነበር፤ ጽሑፉን እንደ ልማዴ ልኬለት በቃሉ ይዞታልና፣ ቃል በቃል፣ ሳይቀድም ሳይዘገይ። ድምፅ የማያስገባ መስታወት ነው፤ ቢያስገባም ድምፅ የለውም። ከወዲያ አፍ ብቻ፣ ከወዲህ ድምፅ ብቻ። ማን ማንን እንደሚቀዳ ለማያውቅ ሰው፣ ያ ድምፅ ከዚያ አፍ እንደሚወጣ ከማመን ሌላ ምርጫ አልነበረውም።

የፍርዱ ገጽ ደረሰ። ማሚቶ ገጽ ሊቀይር ወረቀቱን ሲያወርድ ቀና ብሎ አየው። አየና ቆመ።

ሬዲዮ ውስጥ ዝምታ እንደሌላው ዝምታ አይደለም። በየቤቱ የተቀመጠ ሰው ሬዲዮኑን መታ መታ ያደርጋል፤ ከዚያ ጣቢያው ሞተ ይላል። የማሚቶ ከንፈር ደርቆ ተጣበቀ። ተዋናይቷ በካልሲዋ አንድ እርምጃ ጠጋ አለች። የኃላፊዋ እጅ በአደጋ ጊዜ ወደሚጫነው የሙዚቃ ቁልፍ ወረደ፤ ሲወርድ፣ ነጎድጓድ የእጅ አንጓዋን ያዘ። ያዘና ወደ መስታወቱ ጠጋ ብሎ፣ አፉን ከፍቶ፣ አንዲት ዐረፍተ ነገር ተናገረ። ዓይን ያለው ሁሉ ማንበብ ይችል ነበር።

ቆይ… ውሃ ስጡኝ።

ያቺ ዐረፍተ ነገር በነጎድጓድ አንደበት አልፋ አታውቅም። የእኔም አይደለችም። ሰውየው በዚያ ግማሽ ጨለማ ክፍል ውስጥ ሬዲዮውን ከራስጌው አስጠግቶ ሲያዳምጥ ከርሞ፣ አሁን በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እሱ ማሚቶን ቀዳ።

«ቆይ…» አለ ማሚቶ በማይክሮፎኑ። «ውሃ ስጡኝ።»

ተዋናይቷ ከማሰሮው ቀዳችለት። የውሃው ድምፅ ብርጭቆውን ሲሞላ በማዳመጫዬ ውስጥ ተሰማኝ፤ ከተማውም ሰማው። ጠጣ። ጉሮሮው ሲወርድና ሲወጣ እያየሁ፣ ከመስታወቱ ወዲያ ያ ሻርፕ አብሮት ሲንቀሳቀስ አየሁ።

የጻፍኩለት ፍርድ ረጅም ነበር። ስለ ግንብና ስለ ጎረቤት፣ ስለ ድንጋይና ስለ ሰው ልብ የሚያትት፣ ብዙ ሌሊት የደከምኩበት፣ እንዲጨበጨብልኝ አስቤ የደረደርኩት ነው። ማሚቶ የመጀመሪያውን መስመር ብቻ አነበበ። ወረቀቱን ጨርቁ ላይ ያለ ድምፅ አኖረውና በነጎድጓድ ድምፅ፣ ግን ነጎድጓድ ተናግሮት በማያውቅ ቀስታ እንዲህ አለ፦

«ፍርዴን ጨርሻለሁ። እንግዲህ እናንተ ተነጋገሩ፤ የእኔ ተራ መስማት ነው።»

የነጎድጓድ ከንፈር ቆመ። የማያውቀው ቃል ነውና አብሮ ሊለው አልቻለም፤ ሰማው እንጂ። የሚያውቁት ሰው ቤቱን ለቆ እየሄደ ሳለ በመስኮት እንደሚያዩት ዓይነት አስተያየት ማሚቶን አየው። የመዝጊያው ሙዚቃ ገባ።

ወረቀቴን አነሣሁ። «ዳኛውን ሆኖ የተጫወተው» ከሚለው ቀጥሎ የነጎድጓድ ስም በትልቁ ተጽፏል፤ «ደራሲ» ከሚለው ቀጥሎ የእኔ። ሙዚቃው ቀስ እያለ መውረድ ጀመረ። ማሚቶ ገጾቹን እየሰበሰበ ነበር፤ አላየኝም፤ ያለቀለት ነገር መሆኑን ነግሬዋለሁና።

ያን ጊዜ መስታወቱ ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር አየሁ። ነጎድጓድ በጣቱ አንጓ እያንኳኳ ነው፤ ድምፁ አልደረሰኝም፤ እጁን ብቻ አየሁ። ዓይን ዓይኔን እያየኝ ነበር። ከንፈሩን አንቀሳቀሰ።

«ሜ» ሲሉ ከንፈር ይገለጣል፣ ጥርስም ይታያል። «ሙ» ሲሉ ከንፈር ተሞጥሙጦ ይጠብባል፤ ሕፃን ልጅ ሊስም እንደሚቀርብ ሰው። ይህን ማንም ፊደል የቆጠረ ያውቀዋል፤ እኔም በመስታወት ፊት ቆሞ ፊደል የሚያጠና ሰው የሆንኩ ይመስል፣ የራሴ ከንፈር ሳላዘው አብሮት ተንቀሳቀሰ።

ቅንድቤን አነሣሁ፤ ድገመው ማለቴ ነው። ፊደል እንደሚያስቆጥር መምህር ቀስ አድርጎ ደገመው። ስ። ከንፈሩ ተሞጠሞጠ፤ ጥርሱ አልታየም። ን። ከዚያም፦ ጥራ።

በዚያች ጨለማ ክፍል ውስጥም ያለኝ ይኸንኑ እንደነበር አሁን አልጠራጠርም። ፊቱን ያዞረው ለማለት ስለከበደው ነው፤ ለእኔ ግን ፊቱን ማዞሩ ተመቸኝ።

«አንብብ!» አለች ኃላፊዋ በማዳመጫዬ። «ሙዚቃው እያለቀ ነው። የተጻፈውን አንብብና ጨርስ!» ደግማም፣ ዝግ ባለ ድምፅ፦ «አድማጭ ተታለልኩ ካለ ጣቢያውም አንተም አንድ ላይ ነን የምንወድቀው። ይገባሃል?»

ገብቶኛል። የእሷ ፍርሃት እውነተኛ ነው፤ ያታለልነው እውነት ነውና። የእኔ ደግሞ ከእሷ የባሰ ነው፤ የእሷ ስም ወረቀቱ ላይ የለም። በሐያሲው የተመሰገነው ዝምታ፣ በቃለ ምልልስ ያስጨነቀችኝ ዐረፍተ ነገር፣ አሁን በየቤቱ ሰው ሁሉ በእጁ ሬዲዮውን ይዞ የሚያመነዥከው የመጨረሻ ፍርድ፣ ሁሉም ከዚች ወረቀት በታች፣ በእኔ ስም ስር ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ሙዚቃው አለቀ። መብራቱ ቀይ እንደሆነ ነው።

ተዋናይቷ ምን እንደሆንኩ ስላልገባት በእጇ «ቀጥል» አለችኝ። ማሚቶም ቀና አለ። ብርጭቆው ውስጥ የተረፈውን ውሃ በጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፋ አደረገው፤ ለቀልድ ይሁን ለደግነት አላወቅሁም። ጠጣሁት።

ማዳመጫውን ከጆሮዬ አውርጄ አስቀመጥኩ። ወረቀቱን ገለበጥኩት። የዳኛውን የመጀመሪያ ክፍሎች ጋሼ ነጎድጓድ መጫወቱን በሙሉ ስሙ ተናገርኩ፤ ድምፁን በሕመም ማጣቱን፣ ከዚያ ወዲህ እስከ ዛሬ ያለውን የተጫወተው የእህቱ ልጅ መሆኑን፣ ይህንንም ከአድማጭ መሸሸጋችንን ተናገርኩ። «ቆይ፣ ውሃ ስጡኝ» የሚለውንና አሁን የተሰማውን ፍርድ የደረሰው እሱ እንጂ እኔ እንዳልሆንኩ ጨመርኩ። ከዚያም ስሙን ከነአባቱ ስም ጠራሁ።